የጤና መድን፦ ጤነኛው ለታመመው፣ ጎልማሳው ለአዛውንቱ



ፊደል ለይተን፣ ቃል ገጥመን ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ለኑሯችን የሚጠቅሙ ብዙ ነገሮች አንብበናል። ስለ ንጹሕ ውሃ አንብበናል። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አንብበናል። ስለ ሕፃናት ክትባትም አንብበናል። እነዚህ ሁሉ በሽታን ከደጃፍ የሚመልሱ ናቸው። ነገር ግን ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ቀን መታመሙ አይቀርም። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ጥያቄ ይኸ ነው፦ በሽታው ከደጃፍ አልፎ ቤት ከገባ በኋላ የመታከሚያው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

1. በሽታ በሬ ሲበላ

አንድ ገበሬ በሰኔ ወር ታመመ እንበል። ሰኔ የእርሻ ወር ነው። የጎተራው እህል ተሟጧል። በእጅ ገንዘብ የለም። ገበሬው መጀመሪያ "ይሻለኛል" ብሎ ይተኛል። ሦስት ቀን ያልፋል። ሳምንት ያልፋል። በሽታው ሲጠናበት ዘመድ ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ይወስደዋል። ሐኪሙም፣ "ምነው ቶሎ ባመጣችሁት!" ይላል።

ገንዘቡስ? ለገንዘቡ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

አንደኛው መንገድ በሬ መሸጥ ነው። ሁለት በሬ ያለው ሰው አንዱን ሲሸጥ ባለ አንድ በሬ ይሆናል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። መቀናጆ መለመን አለበት። ጎረቤቱም ቢሆን የራሱን ማሳ ሳይጨርስ በሬውን አያውስም። ዘሩ ይዘገያል፤ ምርቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መንገድ አራጣ ነው። የአራጣ ዕዳ ደግሞ ሰውየው ድኖ ከተነሣም በኋላ አይለቀውም። ሦስተኛው መንገድ መሬቱን በወለድ አገድ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ተመልካች ይሆናል። የአንድ ሳምንት ሕመም የብዙ ዓመት ድህነት አመጣ ማለት ነው።

አራተኛ መንገድም አለ። እሱም ሳይታከሙ መቅረት ነው። ይኸን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት አዛውንቶችና ድሆች ናቸው። ድሀው የሚሸጠው በሬ የለውም፤ አበዳሪም አያምነውም። አዛውንቶቹ ደግሞ፣ "እኔ አርጅቻለሁ፤ ለእኔ ተብሎ የልጆቼ ላም አትሸጥም" ይላሉ። እንዲህ የሚሉ እናቶችን በየመንደሩ ሰምተናል። ቃሉ ለልጅ ካላቸው ፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወት በላም ዋጋ መመዘን የለበትም። እናት ወይ ላም ምረጥ የሚባል ልጅ መኖር የለበትም።

2. ዕድርን የሚያውቅ መድንን ያውቃል

"መድን" የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። እስቲ ዕድርን እናስብ። ሁሉም ቤት በየወሩ ያዋጣል። ገንዘቡ በአንድ ሣጥን ይቀመጣል። ሐዘን የደረሰበት ቤት ከሣጥኑ ይሰጠዋል። "በዚህ ዓመት ከቤቴ ሰው አልሞተምና መዋጮዬን መልሱልኝ" ብሎ የዕድር ዳኛን የሚከስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። እንዲያውም ሰው ባለመሞቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

ዕድር ደግ ነገር ነው። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስልን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ለቀስተኛው ይሰበሰባል። ሟቹ ግን አይመለስም። የጤና መድን ማለት ሰው በሕይወት ሳለ የሚደርስለት ዕድር ማለት ነው። ዕድሩ ይፍረስ አንልም። ለቀብር መረዳዳት የቻልን ሰዎች ለመዳንም መረዳዳት እንችላለን ነው የምንለው።

የጤና መድን ሥራ በሦስት ነገር ይቆማል። አንደኛ፣ ገንዘቡ የሚዋጣው ሳንታመም ነው። ሁለተኛ፣ መዋጮው የሁሉም ነው። ሦስተኛ፣ ከሣጥኑ የሚወጣው ለታመመው ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት አበው ይኸንኑ ነው።

3. እስቲ እናስላው

መደመርና ማባዛት ተምረናል። ዛሬ እንጠቀምበት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

በአንድ ቀበሌ 500 ቤተሰብ አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 300 ብር ያዋጣል። 500 ሲባዛ በ300፣ 150,000 ብር ይሆናል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ይኸ ነው።

በዓመቱ ውስጥ ከ200 ቤተሰብ ሰው ታሞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ለእያንዳንዱ ቤት 400 ብር ወጣ። ድምሩ 80,000 ብር ነው። ከ10 ቤተሰብ ደግሞ ከባድ ሕመም ደርሶ ሆስፒታል ተኙ። ለእያንዳንዱ 6,000 ብር ወጣ። ድምሩ 60,000 ብር ነው። ጠቅላላ ወጪው 140,000 ብር ሆነ። በሣጥኑ 10,000 ብር ተረፈ። ማንም በሬ አልሸጠም።

አሁን ደግሞ ያልታመሙት 290 ቤተሰቦች በሚቀጥለው ዓመት፣ "እኛ ምን ተጠቀምን?" ብለው ወጡ እንበል። የቀሩት 210 ቤተሰቦች ናቸው። 210 ሲባዛ በ300፣ 63,000 ብር ብቻ ነው። ሕመሙ እንዳለፈው ዓመት ከሆነ የሚያስፈልገው 140,000 ብር ነው። ያለፈው ዓመት ትርፍ ካልተቆጠረ ሣጥኑ 77,000 ብር ጎደለው። ጉድለቱን ለመሙላት እያንዳንዱ ቤት 667 ብር ያህል ማዋጣት ሊኖርበት ነው። ይኸን ያህል የማይችለው ድሀ ይወጣል። እሱ ሲወጣ መዋጮው እንደገና ይጨምራል። በመጨረሻ ሣጥኑ ይዘጋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? የጤነኛው መዋጮ የሣጥኑ ምሰሶ ነው። በሽተኞች ብቻ የተሰበሰቡበት መድን አይቆምም። የወጡት 290 ቤተሰቦችም ቢሆኑ ለዘለዓለም ጤነኛ አይደሉም። ዘንድሮ ያልታመመ ከርሞ ይታመማል። ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ነገ አዛውንት ነው።

4. መድኑ በአገራችን

በአገራችን ይህ ሥራ "ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን" ይባላል። የወር ደመወዝ ለሌላቸው ሰዎች፣ ማለትም ለገበሬው፣ ለአርብቶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው የታሰበ ነው። ለሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ነበር። ወረዳዎቹ የተመረጡት ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና በዚያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከሚባለው ክልል ነው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ወረዳዎች ተዳርሷል።

ሲጀመር መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከ200 ብር በታች ነበር። የመድኃኒትና የሌላው ነገር ዋጋ ሲወደድ መዋጮውም ጨምሯል። ልኩ በየክልሉ ይለያያል። የዘንድሮውን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ።

የተመዘገበ ቤተሰብ የመድን መታወቂያ ይሰጠዋል። መታወቂያውን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ አልጋውም ከዚያ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን የማስተላለፊያ ወረቀት ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ይህ ወረቀት በተለምዶ "ሪፈር" ይባላል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

መድኑ የማይሸፍናቸው ነገሮችም አሉ። ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፍንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከልና ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አይሸፍንም።

በሌላ በኩል ደግሞ መድን ሳይጠየቅ ለሁሉም በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ፣ ሕፃናትን ማስከተብና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ ነው። "መድን የለኝም" ብላ ቤቷ የምትወልድ እናት እንዳትኖር ይኸን ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ።

5. ስለ አዛውንቶች

ወጣት ሲታመም ሕመሙ ብዙውን ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። የአዛውንት ሕመም ግን አብሮ ይኖራል። ደም ግፊትና ስኳር አንድ ቀን ታክመውት የሚተውት በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ በየወሩ ይፈለጋል። አንድ ወር ተወስዶ በገንዘብ እጦት ሁለት ወር ከተቋረጠ ሕመሙ ተመልሶ ይበረታል። ደም ግፊቱ ያልተያዘለት ሰው ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን ይችላል።

የዓይን ሞራም እንዲሁ ነው። ብዙ አዛውንቶች ዓይናቸው ሲጋረድ "የእርጅና ነው" ብለው ይቀመጣሉ። በልጅ እጅ ይመራሉ፤ የሚመራቸውም ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። የዓይን ሞራ ግን በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። አዛውንቱ እንደገና ያያሉ፤ ልጁም ትምህርቱን ይቀጥላል።

ታዲያ አዛውንት በመድን ላይ ሸክም ናቸው ማለት ነው? እንዲህ የሚል ሰው ያጋጥማል። "እሳቸው በየወሩ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ እኛ እንከፍላለን" ይላል። እስቲ ወደ ኋላ እናስብ። እኒህ ሰው ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ዳገቱን መንጥረዋል፤ እርከኑን ሠርተዋል፤ ምንጩን አጎልብተዋል። ዛሬ የምናርሰው እሳቸው ያቀኑትን ነው። የእሳቸውን መድኃኒት ማገዝ የቆየ ዕዳ መክፈል ነው። ነገ ተራው የእኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ ቦታ በአንድ መታወቂያ የሚካተቱት ባል፣ ሚስትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። አብረው የሚኖሩ አባት፣ እናት ወይም ሌላ ዘመድ ተጨማሪ ተከፍሎላቸው ለየብቻ ይመዘገባሉ። ስለዚህ አባወራው ሲመዘገብ ምድጃ ዳር የተቀመጡትን እናቱን እንዳይረሳ። ስማቸው በመታወቂያው ላይ መኖሩን አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህ ነው።

6. ስለ ድሆች

"እሺ፣ መዋጮውን መክፈል የማይችል ሰውስ?" ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሬ የሌለው፣ መሬት የሌለው፣ ጧሪ ልጅ የሌለው ሰው አለ። የመድኑ ሕግ ይኸን አስቦበታል። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን የሚከፍሉላቸው ክልሉና ወረዳው ከበጀታቸው ነው። እነሱም እንደማንኛውም አባል መታወቂያ ይሰጣቸዋል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታሰበ አይደለም። በሀብታሟ አሜሪካ እንኳ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1965 ድረስ ከአዛውንቶች ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድን የሚሸጥ ነጋዴ የሚፈልገው ብዙ የማይታመም ሰው ነው። አዛውንቱን "ብዙ ያስወጣኛል" ብሎ ይሸሻል፤ ድሀው ደግሞ ዋጋውን አይችልም። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ሕግ ለአዛውንቶች ሜዲኬር፣ ለድሆች ሜዲኬድ የሚባሉ የመንግሥት መድኖችን አቋቋመ። ከእኛ ብዙ በማትርቀው ሩዋንዳም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 በሦስት ወረዳዎች ሙከራ ተጀመረ። ኋላም መላ አገሪቱን አዳረሰ። በዚያም መዋጮው እንደየሀብቱ ደረጃ እንዲሆን ተደረገ፤ ለመጨረሻዎቹ ድሆች መንግሥት ከፈለላቸው። ትምህርቱ አንድ ነው፦ አዛውንትና ድሀ ብቻቸውን ከተተዉ መድን አያገኙም፤ ሁሉም በአንድ ሣጥን ሲገባ ግን ያገኛሉ።

ትልቁ ጥያቄ ድሀው ማነው የሚለው ነው። በበጀት የሚከፈልላቸው ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። ለቀበሌ ሹም ዘመድ አንድ ቦታ ከተሰጠ አንዲት ጧሪ የሌላት አሮጊት አንድ ቦታ ታጣለች። ይህ ስርቆት ነው። የተሰረቀውም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ነው።

መንደርተኛው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ማን ስንት ጥማድ እንዳለው፣ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ምርጫው በጓዳ መሆን የለበትም። ስሙ በስብሰባ ፊት ይነበብ። ዝርዝሩም በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ትናንት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲለጠፍ አልፈነው እንሄድ ነበር። ዛሬ ቆመን እናነበዋለን። ያልተገባ ስም ካየን፣ "ይኸ ሰው ሁለት በሬ አለው፤ እማማ እከሊት ግን ቀርተዋል" እንላለን።

7. የምንሰማቸው ቅሬታዎች

አንድ አባወራ እንዲህ ይላሉ፦ "ሦስት ዓመት ከፈልኩ፤ አንድ ቀን አልታመምኩም። ገንዘቤ ጠፋ።"
እኛም እንላለን፦ "አያ፣ ገንዘብዎ አልጠፋም። የጎረቤትዎን ልጅ አድኗል። እርስዎም ሦስት ዓመት ያለ ሥጋት አድረዋል። አጥር ያጠረ ሰው ጅብ ስላልመጣ አጥሩን አያፈርስም።"

አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ "ስታመም እመዘገባለሁ። ምን አስቸኮለኝ?"
እኛም እንላለን፦ "እትዬ፣ 'ሳይቃጠል በቅጠል' ይባል የለም እንዴ? ምዝገባው ጊዜ አለው። በብዙ ቦታ እህል ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት ነው። በሽታ ግን ጥርን አይጠብቅም።"

ሌላ ሰው ይላል፦ "መታወቂያውን ይዤ ሄድኩ፤ 'መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ' ተባልኩ። ታዲያ ምን ረባኝ?"
ይህ ቅሬታ እውነት ነው። መሸፋፈን አያስፈልግም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ይጎድላል። መዋጮ ከፍሎ እንደገና ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት ካልታረመ ሰው መድኑን ይጠላል፤ ጤነኛው ይወጣል፤ ሣጥኑም ቅድም እንዳሰላነው ይጎድላል። መፍትሔው ግን ዝም ብሎ መውጣት አይደለም። አባል ባለቤት ነው። ባለቤት ይጠይቃል። ስንት ተሰበሰበ? ለጤና ጣቢያው ስንት ተከፈለ? መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? እነዚህን በስብሰባ መጠየቅ መብታችን ነው። የገዛንበትን ደረሰኝ ይዘንም የወረዳውን መድን ቢሮ እንጠይቅ።

8. ምን እናድርግ?

ሀ. የምዝገባውን ወር እንወቅ። እህል ስንሸጥ የመድኑን ለይተን እናስቀምጥ።
ለ. ለከፈልነው ደረሰኝ እንቀበል። በላዩ የተጻፈውን የብር ልክ እናንብብ።
ሐ. በመታወቂያው ላይ የሁሉም ቤተሰብ፣ በተለይም የአረጋውያኑ ስም መኖሩን እንይ።
መ. መታወቂያው የሚያበቃበትን ቀን እንወቅ። ቀኑ ሳያልፍ እናሳድስ።
ሠ. ስንታመም ቶሎ ጤና ጣቢያ እንሂድ። "ይሻለኛል" ብለን አንቆይ።
ረ. ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች መታወቂያቸውን እናንብብላቸው።
ሰ. የድሆች ስም ሲመረጥ ከስብሰባው አንቅር።

መልመጃ

ጥያቄዎች
1. ዕድርና የጤና መድን በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ጤነኞች ከመድኑ ቢወጡ ሣጥኑ ለምን ይጎድላል?
3. በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለሁሉም በነጻ የሚሰጡ ሦስት አገልግሎቶችን ጻፉ።
4. በቀበሌያችሁ መክፈል የማይችሉት ሰዎች የሚመረጡት እንዴት ነው? ተወያዩበት።

ሒሳብ
በአንድ ቀበሌ 400 ቤተሰብ እያንዳንዱ 250 ብር ቢያዋጣ ስንት ብር ይሰበሰባል? ከዚያ ላይ 85,000 ብር ለሕክምና ቢወጣ ስንት ይቀራል?

የቃላት ፍቺ
መድን፦ ጉዳት ሳይደርስ በጋራ ተዋጥቶ ጉዳት ለደረሰበት የሚከፈል መጠባበቂያ።
መዋጮ፦ ለጋራ ጉዳይ እያንዳንዱ የሚከፍለው ገንዘብ።
ሪፈር፦ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚጻፍ የማስተላለፊያ ወረቀት።
በጀት፦ ለዓመት ሥራ አስቀድሞ የተመደበ ገንዘብ።